ባልትናችን በጓዳ እንዳይቀር

አንድ ሀገር ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ስንቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በጎተራና በመጋዘን የሚከማቸው እህል ሲሆን፣ ሁለተኛው ያንኑ እህል ለቅሞ፣ ፈጭቶ፣ አቡክቶና አብስሎ ለቤተ ሰብ የሚያበቃው ዕውቀት ነው። የፊተኛው በኩንታል ይሰፈራል፤ ነጋዴው በመዝገብ ይጽፈዋል፤ ሲጎድልም ሁሉ ያውቀዋል። የኋለኛው ግን ሰፋሪም መዝጋቢም የለውም። የሚኖረው በእናቶቻችን እጅ ላይ ስለሆነ ሲጎድል ማንም ሳያየው ይጎድላል። ስሙ ባልትና ይባላል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣው ያሰብነው ይኸው ባልትና፣ በተለይም ከሥጋና ከቅቤ ርቆ ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት ብቻ ማዕድ የሚያሰናዳው የጾም ባልትና፣ በ2012 ዓ.ም. ሰው በየቤቱ በተሰበሰበበት ወራት የሰጠንን አገልግሎትና እኛም በፈንታችን ልናደርግለት የሚገባንን ነው።

እንደሚታወሰው የዓለም የጤና ድርጅት የኮሮና በሽታ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ በሽታው በሀገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ወዲያውም ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ተመለሱ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀና ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎችም ከመቀመጫቸው እኩሌታውን ብቻ እንዲጭኑ ታዘዘ። እርግጥ ነው፣ በብዙ የውጭ አገሮች እንደሆነው ሰው ሁሉ ከደጃፉ እንዳይወጣ የሚከለክል ትእዛዝ በሀገራችን አልወጣም፤ ገበያውም ፈጽሞ አልተዘጋም። ይሁን እንጂ በሽታው ስላስፈራና መንገዱም ስለ ተጨነቀ፣ የሚችል ሁሉ በቤቱ ተቀመጠ። በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ገበያ ይወጣ የነበረው በሳምንት አንድ ጊዜ መውጣት ጀመረ። ምሳውን በምግብ ቤት የለመደ ሠራተኛና በመሥሪያ ቤት ሻይ ቤት የሚጠቀም ጸሐፊ ሁሉ ፊቱን ወደ ገዛ ቤቱ ማጀት አዞረ።

አጋጣሚ ሆኖ ይህ ሁሉ የደረሰው በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ጾሙ የካቲት 16 ቀን ገብቶ፣ ፋሲካ እስከ ዋለበት እስከ ሚያዝያ 11 ቀን ዋዜማ ድረስ 55 ቀን ጸንቷል። ስለዚህ የብዙው ክርስቲያን ቤት ጓዳ ገና በሽታው ሳይሰማ ለጾሙ ተሰናድቶ ነበር። ሽሮው ተፈጭቶ፣ ምስሩ ተለቅሞ፣ በርበሬው ተደልዞ፣ ሱፉና ተልባው በየዕቃው ተቀምጦ ቆየ። ሥጋ ቤቱ ቢዘጋም ባይዘጋም፣ ወተቱ ቢመጣም ባይመጣም፣ ያን ቤት የሚያሳስበው ነገር አልነበረም። ጾሙ ተፈትቶ ገና ሳምንት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 16 ቀን፣ የረመዳን ጾም ገባ። በሙስሊሙ ወገናችንም ቤት እንዲሁ የምስር ሳምቡሳው በየምሽቱ ሲጠበስ፣ የአጃው ሾርባ ሲፈላ ከረመ። ልማዱ የተሠራው ለጽድቅ እንጂ ለወረርሽኝ አልነበረም። ነገር ግን በዓመት ውስጥ ከ200 ቀን በላይ ያለ ሥጋና ያለ ወተት መኖርን ለዘመናት የተለማመደ ማጀት፣ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ እንደ ሠለጠነ ወታደር ሳይደናገር ተሰልፎ ተገኘ።

በዚያው ሰሞን በአውሮፓ የታየውን ብናስታውስ የራሳችንን ነገር ይበልጥ ለማስተዋል ይረዳናል። ኢጣልያ የካቲት 30 ቀን፣ እንግሊዝ ደግሞ መጋቢት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝባቸው በቤቱ እንዲቀመጥ ባዘዙ ጊዜ፣ ከየመደብሩ መደርደሪያ ቀድመው ካለቁት ነገሮች መካከል የስንዴ ዱቄትና የዳቦ እርሾ ይገኙበታል። በእንግሊዝ አገር ስንዴ አልጠፋም ነበር፤ ወፍጮዎቹም ሌት ተቀን ይፈጩ ነበር። ነገር ግን እዚያ አገር ከሚፈጨው ዱቄት በትንንሽ ከረጢት ታሽጎ ለቤት የሚሸጠው ከመቶው 4 እጅ ያህል ብቻ ነው። የቀረው በትልልቅ ጆንያና በጭነት መኪና ወደ ዳቦና ወደ ብስኩት ፋብሪካዎች የሚሄድ ነው። ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ «በቤቴ ልጋግር» ባለ ጊዜ የጠፋው እህሉ ሳይሆን ትንሹ ከረጢት ነበር። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ሀገር በጎተራዋ ሙሉ ስንዴ ይዛ ሳለች፣ ከጎተራው እስከ ቤት ያለው መንገድ ከጠበበ ሰው ዱቄት ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

እርሾው በጠፋ ጊዜም በእነዚሁ አገሮች ብዙ ሰዎች ዱቄትና ውሃ በጥብጠው፣ በየቀኑ ትኩስ ዱቄት እየጨመሩ፣ ራሱ እስኪቦካ አንድ ሳምንት ያህል እየጠበቁ ዳቦ መጋገር ጀመሩ። ነገሩም እንደ ታላቅ ግኝት በየጋዜጣውና በየቴሌቪዥኑ ተወራለት። እኛ ግን ይህንን ነገር ከጥንት እናውቀዋለን። እናቶቻችን ሊጡን ጋግረው ሲጨርሱ በቡሃቃው ሥር የሚያስቀሩት እርሾ ማለት ይኸው ነው። ጎረቤት ለጎረቤት በጣሳ ሲሰጣጣው የኖረ፣ ገንዘብ የማይከፈልበት፣ ተበድሮም ሳይመልሱት ቅር የማይባልበት ሀብት ነው። ከእርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ነገሮች አሉ። እነርሱ በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስኳር እየተመገቡ አየር ያወጣሉ፤ እንጀራውን ዓይናማ፣ ዳቦውን ንፍ የሚያደርገው ያ አየር ነው። መጎምዘዙም ከዚያው የሚመጣ ሲሆን፣ ሊጡ በቦካ መጠን በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር እየቀነሰ ስለሚሄድ ሰውነታችን ከእንጀራው የበለጠ ይጠቀማል። የዛሬ ሳይንስ በምርመራ የደረሰበትን እናቶቻችን በልምድ ደርሰውበት ነበር።

አሁን ደግሞ ከጓዳው ምን ምን እንደ ወጣ እንመልከት። ሽሮን ብቻ ብንወስድ አንድ ምግብ አይደለም። ከሽምብራ፣ ከአተር ወይም ከባቄላ ታምሶና ተከክቶ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላ፣ ከኮረሪማና ከነጭ አዝሙድ ጋር ይፈጫል። በርበሬ የገባበት ቀዩ ሽሮ ሲሆን፣ በርበሬ ያልገባበት ደግሞ ነጭ ሽሮ ሆኖ ለሕፃናትና ለሕመምተኞች ይስማማል። ሽሮው ሲሰለች ምስሩ ወጥ ይሆናል። ድፍን ምስር ተቀቅሎ ተደቁሶ፣ በሰናፍጭ፣ በሎሚ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ተለውሶ ቀዝቅዞ ሲቀርብ አዚፋ ይባላል። የሽምብራ ዱቄት በቅመም ተለውሶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተበጅቶ፣ በዘይት ተጠብሶ ወጥ ውስጥ ሲገባ የሽምብራ ዓሣ ይሆናል። ሱፍ ተቀቅሎና ተወቅጦ በውሃ ሲጠለል እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ እንጀራ ቢፈተፈትበት ለቁርስም ለምሳም የሚበቃ ነው። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፣ በሰናፍጭ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጤና አዳም ተቀምሞ ለቀናት ሲቦካ ስልጆ ይሆናል። በጸሎተ ሐሙስ ደግሞ ጉልባኑ አለ። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት ከአንዲት ጠባብ ጓዳ፣ ከስድስትና ከሰባት ዓይነት ደረቅ እህል ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የዕቃው ብዛት ሳይሆን የእጅ ዕውቀት ነው።

በመጋገር በኩልም እንዲሁ ነው። ዳቦ ለመጋገር የግድ ትልቅ ምድጃ ያስፈልጋል የሚሉ አሉ፤ ግን አይደለም። ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 600 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾና ጥቂት ጥቁር አዝሙድ በቂ ነው። የሱቅ እርሾ ከሌለ ከቀድሞ ሊጥ የተረፈ አንድ ኩባያ እርሾ ይጨመርና ሌሊቱን ይደር። ሊጡ በደንብ ታሽቶ፣ ተሸፍኖ፣ እጥፍ እስኪሆን ይቆያል። ከዚያም የኮባ ወይም የሙዝ ቅጠል በተነጠፈበት ድስት ውስጥ ተደርጎና ተከድኖ፣ በቀስታ እሳት ላይ ይጣዳል፤ ከታች ሲቀላ ይገለበጣል፤ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥም ይደርሳል። ለእርሾ ጊዜ ያጣ ቂጣ ይጋግር። ለልጆች መቆያ የፈለገ ደግሞ ሊጡን በዘይት፣ በጨውና በጥቂት በርበሬ ጠንከር አድርጎ ያሸው፤ በጣቱ እያድቦለቦለ፣ በቢላ እየከተፈ፣ በምጣድ ላይ በቀስታ እሳት ያምሰው። ዳቦ ቆሎ በደረቅ ዕቃ ከታሸገ ብዙ ሳምንት ይቆያል። የቀድሞ ዘመን ተጓዥ ስንቅ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚያን ጊዜ እኛ ወጣቶች ከትምህርት ገበታ ተለይተን በየቤታችን ስንሰበሰብ አንድ ነገር ግልጽ ሆነልን። ስለ ዓለም ኢኮኖሚ ለመናገር የሚችል፣ ሦስትና አራት ዓመት በዩኒቨርሲቲ የተቀመጠ ጐልማሳ፣ ሽሮ እንዳይቋጥር በምን ብልሃት እንደሚበጠበጥ አያውቅም። አብሲት ምን እንደሆነ ቢጠየቅ ይደናገራል። ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ ተቀንሶ፣ በፈላ ውሃ ተንተክትኮ፣ ተመልሶ ከሊጡ ጋር ሲዋሐድ እንጀራው ልስልስና ዓይናማ እንደሚሆን የሚያውቁት እናቱና የቤት ሠራተኛዋ ብቻ ናቸው። ይህ የአንድ ሰው ጉድለት ሳይሆን የትውልድ ጉድለት ነው። ትምህርት ማለት ከጓዳ መራቅ ነው የሚል ሐሳብ ማንም ሳይነግረን በልባችን አድሮ ኖሯል።

እዚህ ላይ «ወንድ በችሎት፣ ሴት በማጀት» የሚለውን የቆየ ተረት ሳናነሣ ብናልፍ ጽሑፋችን ጎደሎ ይሆናል። በዚያ ወራት ቤተ ሰብ ሁሉ ከቤት ሲውል፣ ቀድሞ በቀን አንድ ጊዜ ይሰናዳ የነበረው ማዕድ ሦስት ጊዜ መሰናዳት ጀመረ። ያም ማለት ሦስት ጊዜ ሽንኩርት መክተፍ፣ ሦስት ጊዜ ዕቃ ማጠብ፣ ውሃ በማይመጣበት ቀንም ከጀሪካን መቅዳት ማለት ነው። አብዛኛው ሸክም የወደቀው በእናቶች፣ በእኅቶችና በቤት ሠራተኞች ትከሻ ላይ ነው። አባወራው በሳሎን ተቀምጦ ስለ በሽታው ወሬ ሲያዳምጥ፣ እናት ቤት በማዕድ ቤት ጭስ ውስጥ ስትዋትት ዋለች። ባልትናን እያመሰገንን ባለቤቶቹን ካላገዝን ምስጋናችን ከንፈር ላይ ይቀራል። ዕውቀቱ እንዲወረስ ከተፈለገ ሥራው መከፈል አለበት። ሽንኩርት የመክተፍን ድካም ያላወቀ ሰው የወጡን ዋጋ ሊያውቅ አይችልም።

ሌላም መነገር ያለበት እውነት አለ። ስለ ጓዳ ስንናገር ሁሉም ሰው ጓዳ ያለው እንዳይመስለን ያስፈልጋል። በከተማችን ውስጥ ዱቄቱን በየዕለቱ በግማሽ ኪሎ፣ ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ፣ በርበሬውን በማንኪያ እየገዛ የሚኖር ብዙ ነው። የቀን ሠራተኛው፣ ሊስትሮው፣ በጉሊት የምትቸረችረው እናት፣ የዕለት ገቢያቸው በቆመ ቀን የዕለት ምግባቸውም ይቆማል። «ቤታችሁ ተቀመጡ» የሚለው ምክር ለእነርሱ «ተርባችሁ ተቀመጡ» ከማለት ብዙ አይለይም ነበር። በዚያ ጊዜ «ማዕድ ማጋራት» የሚለው ቃል በየሰፈሩ የተሰማው ስለዚህ ነው። ሰዎች ዱቄት፣ ፓስታ፣ ዘይትና ሳሙና እያዋጡ ለጎረቤቶቻቸው አካፍለዋል። የሞላ ጓዳ ክብሩ ባለቤቱን በማጥገቡ ብቻ ሳይሆን ከአጥር ማዶ ያለውን በማስታወሱ ነው። ጎረቤቱ ጦሙን እያደረ እርሱ አምስት ኩንታል ጤፍ የቆለለ ሰው ጠንቃቃ ሊባል አይገባውም፤ የገበያውን ዋጋ ያስወደደው ምናልባት እርሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። መጠባበቂያ መያዝና ማከማቸት የተለያዩ ናቸው። መጠባበቂያ ማለት አንድ ቤተ ሰብ ለአንድ ወር የሚበላው ያህል ነው።

የጾም ምግብ ለሰውነት ይበቃል ወይ ብሎ የሚጠይቅም አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እህልና ጥራጥሬ በአንድ ገበታ ሲቀርቡ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። በጤፍና በስንዴ የሚያንሰው የፕሮቲን ክፍል በምስርና በሽምብራ ሞልቶ ይገኛል። ስለዚህ ሽሮ በእንጀራ፣ ዳቦ በምስር መብላት የድኻ ብልሃት ብቻ ሳይሆን የሳይንስም ብልሃት ነው። ከአዚፋው ጋር የሚመጣው ሎሚና ቃሪያ ሰውነት ከምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት እንዲቀበል ይረዳል። በአንጻሩ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ከተጠጡ ያንን ብረት ስለሚያሰናክሉ፣ ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት መልካም ነው። ቪታሚን ቢ 12 የሚባለው ግን ከዕፀዋት ስለማይገኝ፣ ዓመቱን በሙሉ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይቀምስ ሰው ሐኪም ማማከር ይኖርበታል። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። እንዲሁም ጓያን በችግር ጊዜ ርካሽ ነው ብሎ ለረጅም ጊዜ አዘውትሮ መብላት እግርን እንደሚያሽመደምድ የታወቀ ነው። ባልትና ማለት ምን እንደሚበላ ማወቅ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይበዛ ማወቅም ጭምር ነው።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? እንጀራው በየሱቁ ይሸጣል፣ ሽሮውና በርበሬውም ታሽጎ ይመጣል» ይላሉ። እኛ በፋብሪካም ሆነ በእንጀራ ሻጭ ላይ ቅሬታ የለንም። ማለዳ ወጥታ ማታ የምትመለስ ሠራተኛ እናት የተጋገረ እንጀራ ገዝታ ብትገባ ዕረፍት ታገኝበታለች እንጂ የምትነቀፍበት ነገር የለም። ነገር ግን መግዛትና አለማወቅ አንድ አይደሉም። የሚያውቅ ሰው ሲገዛ ጥሩውን ከመጥፎው ይለያል፤ መግዛት ባልቻለ ቀንም ራሱ ይሠራል። የማያውቅ ሰው ግን የሰጡትን ይወስዳል፤ ሱቁ የተዘጋ ቀን ደግሞ ጤፍ በጆንያ ይዞ ይራባል። ቅድም ያነሣነው የእንግሊዝ አገር ትንሽ ከረጢት ነገር ይህንኑ ያስረዳናል።

ከዚህም በቀር ከልባችን ውስጥ ማውጣት ያለብን አንድ እፍረት አለ። እንግዳ ሲመጣ ሽሮ ማቅረብ እንደ ውርደት ይቆጠራል። ወጣቱም በጓደኞቹ ፊት ምስርና ጎመን መብላት የገንዘብ እጦት ምልክት ይመስለዋል። ይህን በምናስብበት ዘመን ግን በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ባሉ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ሥጋ የማይበሉ የውጭ ሰዎች በየዓይነቱን ፈልገው እየመጡ በደስታ ይበሉታል። እኛ የምናፍርበትን ሌላው ገንዘቡን ከፍሎ ሲያከብረው ማየት የሚያስገርም ነው። የራስን ዋጋ ከሌላ ሰው አፍ መስማት ደግሞ ደስ ቢልም በቂ አይደለም፤ ከራሳችን ገበታ ልንጀምረው ይገባል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ባልትናችን ይጻፍ። የምግብ አሠራር መጻሕፍት በአማርኛ ታትመዋል፤ ደራሲዎቹም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የአንዲት እናት የእጅ ዕውቀት በማንም መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። «በዓይንሽ መጥነሽ ጨምሪ» የሚለው ትምህርት ለልጅ ልጅ አይደርስም። ስለዚህ አንድ እሑድ እናትህ ወይም አያትህ በርበሬ ሲደልዙ አጠገባቸው ተቀመጥ። የሚጨምሩትን እፍኝ ሁሉ በሚዛን መዝን፤ በደብተር ጻፍ። ስንት ኪሎ ዛላ፣ ስንት ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንት ቀን በፀሐይ እንደ ተሰጣ አስፍር። ሠላሳ ገጽ የማይሞላው ይህ ደብተር ከብዙ የዲፕሎማ ወረቀት የበለጠ ቤትህን ያገለግላል።

ሁለተኛ፣ ወንድ ልጅም ይማር። ልጅ በሰባትና በስምንት ዓመቱ ምስር መልቀም፣ በዐሥር ዓመቱ ቂጣ መጋገር፣ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ሙሉ ማዕድ ማሰናዳት ቢችል ከወንድነቱ ምን ይጎድልበታል? ነገ ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ውጭ አገር ሲሄድ የሚተማመንበት ይሆናል። ትምህርት ቤቶችም ቢሆኑ እርሾ እንዴት እንደሚሠራ በሳይንስ ክፍል ሲያስተምሩ፣ የቡሃቃውን ሊጥ ምሳሌ ቢያደርጉት ተማሪው ትምህርቱን በቤቱ ያገኘዋል።

ሦስተኛ፣ ጓዳ ይጠበቅ። በጠባብ ቤት የሚኖር ሰው ሰፊ ማከማቻ ባይኖረውም፣ ክዳኑ የሚጠብቅ አምስት ዕቃ ካለው ይበቃዋል። ጥራጥሬው ከመቀመጡ በፊት ተለቅሞ በፀሐይ ይድረቅ፤ ነቀዝ የሚገባው በእርጥበት ነው። የቆየው ከፊት፣ አዲሱ ከኋላ ይቀመጥ። በየዕቃው ላይ የተገዛበት ቀን ይጻፍ። አቅም የሚያንሳቸው ጎረቤቶች ደግሞ ዕቁብ እንደሚጥሉ ሁሉ ገንዘባቸውን አዋጥተው፣ አዝመራ ገብቶ እህል በሚበዛበት በታኅሣሥና በጥር በአንድነት ገዝተው ቢካፈሉ፣ በማንኪያ ከመሸመት ይድናሉ። ዕድርና ማኅበር ለሐዘንና ለዝክር ብቻ መሆን የለባቸውም።

የኮሮና ወራት ብዙ ሰው አሳጥቶናል፤ የሞቱት ወገኖቻችን ለሐዘን እንኳ በወጉ ያልተለቀሰላቸው ናቸው። ከእንዲህ ያለ ጊዜ ትርፍ ተገኘ ማለት ነውር ነው። ነገር ግን ከመከራ ትምህርት ሳይወስዱ መውጣት ሌላ ኪሳራ ነው። በዚያ ጊዜ ያዳነን ማጀት ዛሬም አለ፤ የሚያውቁት እጆች ግን እያረጁ ነው። ዕውቀቱን ከእነርሱ የምንቀበልበት ጊዜ ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም። የሚመጣው ክፉ ቀን በሽታ ይሁን የዝናም መጥፋት ወይም የኑሮ ውድነት አስቀድሞ አይነግረንም። የዚህች እሑድ አንባቢዎቻችን ጋዜጣውን ካስቀመጡ በኋላ ወደ ማዕድ ቤት ጎራ ብለው «እስቲ ዛሬ እኔ ላብኩት፤ እያየሽ አርሚኝ» ቢሉ፣ ጽሑፋችን የታሰበለትን ሥራ ሠርቷል እንላለን።